የመንዝ ጠጉር፣ የጣሊያን ወተት

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ሞላሌ የደረሰ እንግዳ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከብርዱ ጋር ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ግድም ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ እህል ይመታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከደጅ አይለቅም። ስለዚህ በመንዝ የማማ ምድር፣ የላሎ ምድርና የጌራ ምድር ሰው ልብስ ሲያስብ ቀድሞ የሚያስበው የበግ ጠጉር ነበር። ለመኝታ ባና አለ፣ ከባናም የሚከብድ ዝተት አለ፣ ለአደባባይ ጥቁር በርኖስ አለ። እረኛው ደግሞ ደበሎውን ወይም ከጓሣ ሣር የተሠራ ገሣውን ጣል አድርጎ ይወጣል።

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ሴት አያቴ ፈታይ፣ ወንድ አያቴ ሸማኔ ነበሩ። ስለ ባና ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው “የድሮ ሰው ሌላ ስላልነበረው የለበሰው” የሚል ነገር ነው። በዚህ አልስማማም። የባና ሥራ በውኃ፣ በሙቀትና በእግር ጉልበት የሞለኪውልን ጠባይ የሚገራ እውቀት ነው። ሌላው ዓለም ያንኑ ጠባይ በቤተ ሙከራ ለማወቅ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈጅቶበታል፤ አንድ መንግሥት ደግሞ እኛን በወረረበት ዘመን ጠጉርን ከወተት ለመሥራት ሞክሮ በውኃ ተፈትኗል። ታሪኩን ላውራው።

የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ላቷ አጭር፣ ቀለሟ በአብዛኛው ጥቁር ወይም ቡናማ። ጠጉሯ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከላይ ረዘም ያለ ሻካራ፣ ከሥር አጠር ያለ ለስላሳ። በእኛ ቤት በግ የሚሸለተው ውርጩ ካለፈ በኋላ ነበር። የተሸለተውን ሴት አያቴ በእንዶድ ያጥቡታል። የአመድ ውኃ ፈጽሞ አያስነኩትም፤ “አመድ ጠጉር ይበላል” ይሉ ነበር። ልክ ነበሩ፤ አመድ የሚያወጣው አልካሊ የጠጉርን የሰልፈር ድልድዮች ይበጥሳል፣ ከበረታም ጠጉሩን አሟሙቶ ይጨርሰዋል። እንዶድ ግን አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ስለሆነ ቅባቱን ወስዶ ጠጉሩን ይተወዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያን መከላከያ ያገኙት በዚሁ ተክል ነው። የአገራችን አጣቢዎች ደጃፍ ላይ ስንት ሳይንስ እንዳለ ሳስብ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

የታጠበው ጠጉር ደርቆ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። የጠጉር ፈትል እንደ ጥጥ አይቀጥንም፤ ወፍራምና ጎርበጥ የሚል ነው። ወንድ አያቴ ድሩን ወጥረው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው መወርወሪያውን ሲልኩ ማጉ እንደ ጥጥ ማግ ሸርተት አይልም፤ ይይዛል። ከሽመናው የሚወጣው ጠባብ ጨርቅ ፈርጅ በፈርጅ ተጣምሮ ይሰፋል። በዚህ ደረጃ ያለውን ጨርቅ ወደ ፀሐይ ብታነሡት በክሮቹ መካከል ብርሃን ይታያል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ነፋስ አይመልስም። ባና የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

መርገጥ የወንዶች ሥራ ነበር። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጨርቁ ይዘረጋል፤ ከእሳት የወረደ ሞቅ ያለ ውኃ ይፈስበታል። ውኃው እጅ የሚችለው መሆን አለበት፤ ከፈላ ጠጉሩ ይጎሳቆላል፣ ከቀዘቀዘ ሥራው አይሄድም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ዱላ ተደግፈው በባዶ እግራቸው ይረግጡታል፤ ያጥፉታል፣ ይገለብጡታል፣ እንደገና ውኃ ያፈሱበታል፣ እንደገና ይረግጡታል። ከጠዋት ተጀምሮ ቀትር ሊያልፍ ይችላል። ጨርቁ ቀስ በቀስ ይጠብባል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፤ ድርና ማጉ የት የት እንደሆነ መለየት ያቅታል። አያቴ በመካከሉ ሥራውን ያስቆሙና ጫፉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሻሉ። ክር ከክር ላይ ሲንሸራተት ከተሰማቸው “ገና ነው፤ ውኃ አምጡ” ይላሉ። መንሸራተቱ ሲቆም እፍኝ ውኃ ያፈሱበታል፤ ውኃው ጨርቁን አልፎ ከመስረግ ይልቅ ላዩን ከወረደ፣ በቃ። ከዚያ አራቱን ማዕዘን ወጥረው፣ ድንጋይ ጭነውበት ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ተጣጥፎ የደረቀ ባና እጥፋቱን ይዞ ይቀራል፤ ለማቃናት እንደገና ማራስ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚሆን ላስረዳ።

ጠጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረዥም ሰንሰለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ረዥም ሞለኪውል ፖሊመር እንለዋለን። በሰንሰለቱ ላይ በየቦታው ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን፣ ከካርቦን ጋር የተያያዘ ኦክስጅን አለ። ናይትሮጅን የሃይድሮጅኑን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሃይድሮጅኑ በጥቂቱ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ኦክስጅኑ በጥቂቱ ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ ይሳሳባሉ። ይህ መሳሳብ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። አንዱ ለብቻው ደካማ ነው፤ ጉልበቱ ሰንሰለቱን ራሱን ከያዘው ትስስር ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ነገር ግን በአንዲት የጠጉር ዘለላ ውስጥ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በእውነት እዚህ ይሠራል።

ይህን መጀመሪያ በዓይን ለማየት የሞከሩት ሱፍ ሠሪዎች መካከል የነበሩ ሰው ናቸው። የእንግሊዝ የሱፍ ከተማ በሆነችው ሊድስ ዊልያም አስትበሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጠጉርን ዘለላ በኤክስሬይ ሲያነሡ ያልተሳበ ጠጉርና በእርጥበት ተለጥጦ የተሳበ ጠጉር የተለያየ ምስል ሰጧቸው። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ እንደሚኖርና ሲሳብ እንደሚዘረጋ ገባቸው፤ እንዴት እንደተጠቀለለ ግን በትክክል አላገኙትም። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአሜሪካ መጣ። ሊነስ ፖሊንግ፣ ሮበርት ኮሪና ጥቁር አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኸርማን ብራንሰን ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እንደሚዞር፣ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶች እንደሚገኙ፣ ጥምዝምዙንም የሚይዘው የሃይድሮጅን ትስስር መሆኑን አሳዩ።

ውኃ ደግሞ ሃይድሮጅን የሚሰጥም የሚቀበልም ሞለኪውል ነው። ወደ ጠጉሩ ሲገባ በሰንሰለቶቹ መካከል ያለውን ትስስር እየፈታ እሱ በቦታው ይቆማል። ጠጉሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይተጣጠፋል፤ ሙቀት ሲጨመር ይህ ይፈጥናል። የጠጉር ዘለላ ላይ ላዩን ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ቅርፊቶች አሉት። የለሰለሰው ጠጉር በእግር ሲታሽ ቅርፊቱ ወደ ፊት ያስኬደዋል፣ ወደ ኋላ አያስመልሰውም፤ ዘለላ ከዘለላ ውስጥ እየሰረገ ይቆላለፋል። ባናው ሲደርቅ ውኃው ይወጣል፤ የተፈታው የሃይድሮጅን ትስስር በአዲሱ ቦታ እንደገና ይታሰራል። ተጣጥፎ የደረቀው እጥፋቱን የሚይዘው ለዚህ ነው። ጠጉሩ በውኃ እንዳይሟሟ የሚጠብቁት ደግሞ ቅድም ያነሣኋቸው፣ ሰንሰለትን ከሰንሰለት የሚያያይዙት የሰልፈር ድልድዮች ናቸው፤ ውኃ እነሱን አይነካም። አያቴ በጣታቸው አሽተው የሚለዩት ይህን ሁሉ ነበር።

ለመንዝ ብርድ ሌላም ዋና ነገር አለ። ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ ግድም የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ ገና እንደ ደረቅ ይዳሰሳል። በተለመደው የፋብሪካ መለኪያ፣ አየሩ 65 በመቶ እርጥበት ሲኖረው፣ ሱፍ ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ ጥጥ 8፣ ናይለን 4፣ አክሪሊክ ከ1 እስከ 2፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። የውኃ ሞለኪውል ከጠጉሩ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ሲያያዝ ደግሞ ሙቀት ይወጣል። ከደረቅ ቤት ወጥቶ ጉም ውስጥ የገባ እረኛ የጠጉር ልብሱ የሚያሞቀው ነፋስ ስለመለሰለት ብቻ ሳይሆን ልብሱ ራሱ ጉሙን እየጠጣ ስለሚያሞቅ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ጣሊያን ትገባለች።

የሙሶሊኒ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር በወረራው ምክንያት የጣለው ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ጀመረ። ነዳጅን ስላልጨመረ ለእኛ ያልደረሰ ማዕቀብ ነበር፤ ለጣሊያን ግን ሁሉን ነገር ከራስ አገር የማውጣቱን መፈክር ለማጋጋል በቂ ሆነ። ጣሊያን ሱፍ ከውጭ የምታስገባ አገር ነበረች። አንቶኒዮ ፌሬቲ የተባለ ኢንጂነር በዚያው ሰሞን ከወተት ክር የሚያወጣበትን መንገድ አገኘ። ስኒያ ቪስኮዛ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ወስዶ በፋብሪካ ደረጃ ሠራው፤ ስሙንም ላኒታል አለው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ቅቤው ከወጣለት ወተት ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ተለይቶ በአልካሊ ይሟሟል፤ ወፍራሙ ፈሳሽ በረቂቅ ቀዳዳዎች ተገፍቶ አሲድ ውስጥ ሲገባ ክር ሆኖ ይረጋል፤ ከዚያ በፎርማልዲሃይድ ይጠነክራል። ማሪኔቲ የተባለው የፋሺዝም ደጋፊ ገጣሚ ለዚህ የወተት ልብስ ረዥም ግጥም ጻፈለት።

ኬዚንም ፕሮቲን ነው፣ ኬራቲንም ፕሮቲን ነው። የላኒታል ክር ለስላሳና ሞቃት ነበር፤ ሱፍን በመዳሰስ ይመስላል። ቢሆንም የኬዚን ሰንሰለት እንደ ጠጉር ሥርዓት ይዞ አይጠቀለልም፤ ጠጉርን የሚያስሩት የሰልፈር ድልድዮችም በብዛት የሉትም። የያዘው በአብዛኛው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውኃ ሲገባ ያ ትስስር ይፈታል፤ እርጥብ ላኒታል እጅግ ደካማ ነበር። ስለዚህ ብቻውን ብዙም አይሠራም፤ ከሱፍ ወይም ከሬዮን ጋር ተደባልቆ ይፈተል ነበር። ድብልቅ ማለትም በክር ደረጃ ጎን ለጎን መቆም ነው። ልብሱ ሲታጠብ ሱፉ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ የወተቱ ክር የራሱን ድካም ይደክማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መልኩን አሻሽለው በሌላ ስም ቢያወጡትም የፔትሮሊየም ክሮች ሲመጡ ገበያውን ለቀቀ።

በእነዚያው ዓመታት በመንዝ፣ በተጉለትና በመርሐቤቴ ራስ አበበ አረጋይን የተከተሉ አርበኞች በገደልና በዋሻ ያድሩ ነበር። የለበሱት ባናና በርኖስ እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። በክረምት ዝናብ የረጠበ በርኖስ ይከብዳል እንጂ አይበጣጠስም፤ ጨምቆ፣ አራግፎ፣ መልሶ መልበስ ይቻላል። እኔ ለዚህ ልብስ ያለኝ ክብር ከዚህም ይመነጫል።

እንደ ሱፍና ላኒታል ያሉ ሁለት ፖሊመሮች ለምን በቀላሉ እንደማይቀላቀሉ የታወቀውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። አረቄና ውኃ ያለ ችግር ይቀላቀላሉ። ትናንሽ ሞለኪውሎች ሲደባለቁ ሊቀመጡ የሚችሉበት አደራደር እጅግ ይበዛል፤ ተፈጥሮ ደግሞ ወደ በዛው ታዘነብላለች። ሞሪስ ሃጊንስና ፖል ፍሎሪ እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ያሰሉት ስሌት ረዥም ሰንሰለቶች ይህን ጥቅም እንደማያገኙ አሳየ። በሺህ የሚቆጠሩ ቁራጮች በአንድ ሰንሰለት ስለታሰሩ እንደ ልባቸው አይበታተኑም። ስለዚህ በሁለቱ ፖሊመሮች መካከል ጥቂት አለመዋደድ እንኳ ካለ ይለያያሉ። አብዛኞቹ ፖሊመሮች ቀልጠው ቢደባለቁ እንኳ መልሰው ጎራ የሚለዩት ለዚህ ነው። እንዲቀላቀሉ ከተፈለገ አንዱ ሌላውን የሚስብበት ነገር ያስፈልጋል፤ ከነዚህም ዋናው የሃይድሮጅን ትስስር ነው።

ኒውዮርክ ብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ውስጥ ኢላይ ፒርስና ክዌይ የተባሉ ሊቃውንት ይህን በጣም በሚያስደስት ሙከራ አሳዩ። ፖሊስታይሪን፣ ያ ነጩ የዕቃ መጠቅለያ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ሃይድሮጅን የሚሰጥ ነገር ስለሌለው ከብዙዎቹ ጋር አይቀላቀልም። በሰንሰለቱ ላይ ሃይድሮጅን ሰጪ ቡድኖችን በጥቂት በመቶ ብቻ ሲጨምሩበት፣ ኦክስጅን ካላቸውና ድሮ አልቀላቀል ካላቸው ፖሊመሮች ጋር አንድ ሆነ። ፔንስልቫኒያ ውስጥ ማይክል ኮልማንና ፖል ፔይንተር ደግሞ በኢንፍራሬድ ብርሃን ተጠቅመው ትስስሩን ራሱን ለኩ፤ ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ሲይዝ የሚውጠው ብርሃን ቦታውን ይቀይራል፤ ከቅያሪው ስንቱ እንደታሰረ፣ ስንቱ ነፃ እንደሆነ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት መጽሐፍ የዚህ ትምህርት መሠረት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ የመንዝን ታሪክ ያበራልኝ አንድ ነጥብ አለ። የሃይድሮጅን ትስስር መኖሩ ብቻ አያቀላቅልም። ፖሊመሩ ከራሱ ወገን ጋር አጥብቆ ከታሰረ ለሌላው የሚዘረጋው እጅ አይተርፈውም። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ከዳር እስከ ዳር ሃይድሮጅን ሰጪና ተቀባይ ቡድኖች የሞሉት ሰንሰለት ነው። እንዲያም ሆኖ ውኃ እንኳ አያሟሟውም፤ ሰንሰለቱ ከሰንሰለቱ ጋር እጅግ ተያይዟል። ጠጉርም እንደዚያው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትፈትሏቸው ጥጥ ጥጥ፣ ጠጉር ጠጉር ሆነው ይቀራሉ።

ወንድ አያቴ በባና ሥራ ላይ የጥጥ ድር አይቀበሉም ነበር። ጥጥ ከቆላ፣ ከይፋትና ከመርሐቤቴ በኩል ይመጣ ነበር፤ ጋቢውም ከእሱ ይሠራል። አንድ ደንበኛ ባናው እንዲቀልለት ፈልጎ ድሩ ጥጥ እንዲሆን ለምኗቸው እንደነበር ይነግሩን ነበር። “ማጉ ሲገባ ድሩ አይከተለውም፤ ጨርቁ እንደ ሽማግሌ ፊት ይሸበሸባል” ብለው መለሱት። ጠጉሩ ሲረገጥ ይኮማተራል፤ ጥጥ ቅርፊት ስለሌለው አይቆላለፍም፣ ስለዚህ ባለበት ይቀራል። መንዜ ጥጥና ጠጉርን ያገናኘው በመደራረብ ነው፤ ከውስጥ ጋቢ፣ ከላይ ባና። ጥጡ ላቡን ይወስዳል፣ ጠጉሩ ብርዱን ይመልሳል። ይህ የዕቃ እጥረት የወለደው ዘዴ አይመስለኝም፤ የሁለቱን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ነው።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። የመንዝ ጠጉር በኪሎ እየተመዘነ ገበያ ወጣ። ፋብሪካ የሚፈልገው ግን አያቶቻችን ከሚፈልጉት የተለየ ነው። ለበርኖስ ጥቁር ጠጉር ክቡር ነበር፤ ቀለሙ ከበጉ የተገኘ ስለሆነ አይለቅም። ለፋብሪካ ጥቁር ጠጉር ጣጣ ነው፤ በጠጉሩ ውስጥ ያለውን ሜላኒን አሸንፎ ቀይ ወይም ሰማያዊ ማድረግ አይቻልም። ሻካራነቱም ማሽን ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያ ጣቢያዎች ኮሪዴል፣ ሐምሻየር፣ ኋላም አዋሲ የተባሉ የውጭ ዝርያዎች ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀሉ። የተዳቀሉት ይተልቃሉ፤ ነገር ግን የመንዝን ውርጭ፣ የመኖ እጥረትና የጥገኛ ትል እንደ አገሬዋ በግ የሚችሉ አልሆኑም። ገበሬው ስለ ጠጉሩ ብሎ በጉን አላጣም፤ የራሱን በግ አቆየ። ደግ አደረገ እላለሁ።

የዘመኑ ብርድ ልብስ በዓለም ሁሉ ወደ ድብልቅ ሄዷል። ሱፍ ከአክሪሊክ፣ ሱፍ ከፖሊስተር እየተበጠረ አንድ ላይ ይፈተላል። ድብልቁን ቀለም ሲነክሩት ልዩነቱ ይጋለጣል። ሱፍ በአሲድ ቀለም በውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ሰንሰለቱ ላይ ቀለሙን የሚይዙ ፖዘቲቭ ቦታዎች አሉት፤ የሃይድሮጅን ትስስርም ያግዛል። ፖሊስተር ይህን ቀለም አይቀበልም፤ የራሱ ዓይነት ቀለም በተለመደው አሠራር የሚገባለት በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በግፊት ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ ለሱፍ ጎጂ ነው። በአንድ ክር ውስጥ አብረው የተጠመዘዙ ሁለት ፖሊመሮች ድስቱን እንኳ መጋራት ያቅታቸዋል።

ከዚያ ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነው፣ አበባ የታተመበት፣ የቻይና ብርድ ልብስ መጣ። ዛሬ በሞላሌ ገበያ የሚታየው በብዛት እሱ ነው። ቀላል ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ በርካሽ ይገዛል። እናቴ በአንድ ባና ፈትል ስንት ሌሊት እንደምታድር ስለማውቅ ያን ብርድ ልብስ የገዛችን ሴት አልወቅስም፤ እጇ አርፏል። ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበኛል። ቤታችን ምድጃ የሚነድበት ቤት ነው። ፖሊስተር 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጠጉር አይቀልጥም፤ እሳት ቢነካው ይከስላል፣ እሳቱ ሲነሣለት ራሱ ይጠፋል። ልጆች ከምድጃ አጠገብ ለሚተኙበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለወላጆች ሁሉ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ክፍል ውስጥ የምሠራው ሙከራ ቀላል ነው። ከአሮጌ ባና፣ ከጋቢና ከፖሊስተር ብርድ ልብስ እኩል የሚመዝን ቁራጭ እቆርጣለሁ። ከምድጃ አጠገብ አድርቀን እንመዝናቸዋለን፤ ከዚያ ከጣራው ክዳን ሥር፣ ዝናብ በማያገኛቸው፣ ጉም በሚያገኛቸው ቦታ አሳድረን ጠዋት በሱቅ ሚዛን መልሰን እንመዝናለን። ባናው ከሁሉ ከብዶ ይገኛል፤ ግን ሲዳስሱት ደረቅ ነው። ፖሊስተሩ ክብደቱን እምብዛም አይቀይርም፤ ጥቂት ጤዛ ቢይዝም ላዩ ላይ ብቻ ነው። “መምህርት፣ ውኃው የት ገባ?” ብለው ሲጠይቁኝ የሃይድሮጅን ትስስርን ማስተማር እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ ፖሊስታይሪንንና የብሩክሊኑን ሙከራ ባነሣላቸው አይከብዳቸውም።

በዘመናችን ጥጥንም ጠጉርንም በአንድ ዕቃ የሚያሟሙ ፈሳሾች ተገኝተዋል። በመጠነኛ ሙቀት ፈሳሽ የሆኑ ጨዎች ናቸው፤ አዮኖቻቸው የሴሉሎስንም የኬራቲንንም የሃይድሮጅን ትስስር በመፍታት ሰንሰለቶቹን ለማላቀቅ ይረዳሉ። ሁለቱ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ከተሟሙ በኋላ ጨዉ በውኃ ሲታጠብ፣ ሰንሰለቶቹ ከወገናቸው ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም እየተሳሰሩ ይረጋሉ። ጋቢና ባና በመደራረብ ብቻ ይገናኙ የነበሩት በሞለኪውል ደረጃ ይገናኛሉ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ጠጉሩ ነጭ ወይም ለስላሳ መሆን አያስፈልገውም፤ ፋብሪካ የናቀው ሻካራና ጥቁር የመንዝ ጠጉር ኬራቲኑ ያው ኬራቲን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመንዝን በግ ለረዥም ዘመን ያጠና የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ገዢ ያጣውን ጠጉር ወስደው ቢሞክሩት ርቀቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ሲመጡ ግን ድንጋዩ ላይ ቆመው ባና የረገጡትን አረጋውያን ጭምር ያነጋግሩልኝ። ውኃው ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት፣ የጥቁሩና የቡናማው ጠጉር አረጋገጥ እንዴት እንደሚለያይ፣ የግልገልና የአሮጌ በግ ጠጉር በምን ያህል እንደሚደባለቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእኛ ሰፈር የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከጠየቋቸው ደስ ብሏቸው ያሳያሉ።